መጨረሻ የወጣ ዘርፍ ይሸጣል

ሕጉን የጻፈችው እሷ ራሷ ነበረች።

ከአሥር ዓመት በፊት ነው። ያኔ የአባቷ ድርጅት የእቅድ ኃላፊ ነበረች፤ እጇም አፏም የፈጠነ ወጣት ኢንጂነር። አባቷ አዲስ ፋብሪካ ገዝተው በተመለሱ ሳምንት ቢሯቸው አስጠሯትና ቀና እንኳን ሳይሉ «አንድ መስመር ጻፊልኝ» አሏት። «ዝባዝንኬ አልፈልግም። ዘበኛው ሳይቀር በቃሉ የሚይዘው ይሁን።» ቁጭ ብላ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። በመጨረሻ የወጣው ይህ ነበር፦ በተከታታይ ሁለት ዓመት በአፈጻጸም መጨረሻ የወጣ ዘርፍ ይሸጣል። አባቷ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡትና «አሁን ሰው ሆንሽ» አሉ። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ቃል በዓመት አንዴም አይወጣም። ቀኑን ሙሉ እግሯ መሬት ሳይነካ ዋለ።

ሕጉ በስብሰባ አዳራሹ ሲነበብ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ (ሠራተኛው አባቷን የሚጠራቸው እንዲህ ነው) እጃቸውን አንስተው ጭብጨባውን አስቆሙና «ለእኔም ነው፣ ለልጆቼም ነው» አሉ። አዳራሹ ከቅድሙ ይበልጥ ቀለጠ።

ሊቀመንበሩ ሥራ የጀመሩት ከመኖሪያ ቤታቸው ሥር ባለች መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ነው። ለብየዳ ማሽን የሚሆን ትራንስፎርመር ይሠሩ ነበር። «ይሠሩ ነበር» ይባል እንጂ እሳቸው ደንበኛ ሲያባብሉ፣ ሲዋዋሉ፣ ዕቃ ሲያደርሱ ነበር የሚውሉት፤ የመዳብ ሽቦውን ዙር በዙር እየቆጠሩ የሚጠመጥሙት እናትየው ነበሩ። አንድ ዙር ከተዘለለ ሁሉም ተፈትቶ እንደ አዲስ ነው። ስለዚህ እናትየው ሽቦ ከያዙ ማንም አያናግራቸውም፤ ልጅ ራበውም፣ ወደቀም፣ ተደባደበም፣ ቆጠራው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ኢንጂነሯ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ዝም ማሰኘት የተማረችው እዚያች ክፍል በር ላይ ነው። ያ ታናሽ ወንድም ዛሬ አርባ ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ ፀጉሩ ከፊቱ ሸሽቷል፣ ሦስት መቶ ሠራተኛ ያስተዳድራል፤ ለቤተሰቡ ግን ዛሬም «ማሙሽ» ነው።

ከትራንስፎርመሩ በኋላ አባትየው መግዛት ጀመሩ። መጀመሪያ ባለቤቱ የሞተበትን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ፋብሪካ ገዙ። ቀጥለው ወንድማማቾች ተጣልተው ሊዘጉት የደረሱትን የሴንሰር ፋብሪካ፣ ቀጥለው የኤሌክትሪክ ፓኔል ሠሪዎቹን፣ ቀጥለው ባትሪ መሙያ የሚያመርቱትን። የሰው ድካም ከሩቅ ይሸታቸዋል። የትኛው ባለፋብሪካ ልጆቹ እንደማይረከቡት፣ የትኛው ልቡ ከሥራው እንደሸሸ፣ የትኛው ሚስቱ «በቃህ» እያለችው እንደሆነ ሳይነገራቸው ያውቁታል። ሄደው አጠገቡ ቁጭ ይላሉ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ፣ ስለ ዋጋ አያነሱም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሰውየው ራሱ ያነሳዋል። እንዲህ እንዲህ እያሉ በአሥራ ሁለት ዓመት ዘጠኝ ድርጅት ገዝተው በአምስት ዘርፍ አደራጁት።

ሕጉ መጀመሪያ የበላው የባትሪ መሙያውን ዘርፍ ነው። ኃላፊው ጎልማሳነቱን የጨረሰ፣ ትሑት ሰው ነበር። ኢንጂነሯ ቢሮ ድረስ መጥቶ «አንቺን ይሰማሉ፤ አንድ ዓመት ብቻ ይጨምሩልን ብለሽ ለምኚልኝ» አላት። እሷ «ሕጉ እኮ ለሁላችንም ነው» ብላ ሸኘችው። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አልጠየቀችም።

የኃይል ዘርፍ የተሰጣት ከዚያ በኋላ ነው። የኃይል ዘርፍ ማለት ያቺ መስኮት አልባ ክፍል አድጋ ነው፤ ዛሬ ሰማንያ አራት ሰው፣ ሁለት አዳራሽና አንድ የማድረቂያ ምድጃ ያላት። በመጀመሪያው አዳራሽ ጠምጣሚዎቹ በየማሽናቸው ተቀምጠው ሽቦ ይጠመጥማሉ፤ በሁለተኛው ትራንስፎርመሩ ቫርኒሽ ተነክሮ፣ ደርቆ፣ ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ ቦርድ ተገጥሞለት ለማሽን የተመጠነ ኃይል የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ይሆናል። ልብስ ላይ የሚቀረው የቫርኒሽ ሽታ ቤት ድረስ ይከተላል። ፎርማኑ ከታችኛው ክፍል ጊዜ ጀምሮ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ኢንጂነሯን በልጅነቷ በሽቦ እንዝርት እያጫወቱ ስላሳደጓት ሰው ፊት «ኢንጂነር» ይሏታል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ «ልጄ»።

አንድ ዓመት ዘርፏ ከቀሩት አራቱ መጨረሻ ወጣ። በሥራ አልተበለጠችም። የተበለጠችው በአንዲት ቦርድ ነው። እያንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ አንድ መቆጣጠሪያ ቦርድ ይፈልጋል፤ ቦርዱን የሚሠራው ደግሞ የማሙሽ ዘርፍ ነው። በድርጅቱ ደንብ ማንም ዘርፍ በቤት ውስጥ ያለን ዕቃ ከውጭ አይገዛም። ማሙሽ በዋጋው ላይ በጨመረ ቁጥር እሱ ከፍ ይላል፣ እሷ ዝቅ ትላለች። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጨምር ትዕግሥቷ አለቀና ተነስታ ወንድሟ ፋብሪካ ሄደች።

የማሙሽ አዳራሽ እንደ ሆስፒታል ነው። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሠራተኞች፣ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ሰማያዊ ሽፋን፣ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ የቀለጠ ቆርቆሮ ሽታ። እሱ በመስታወት ቢሮው ውስጥ ሆኖ ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ።

«እትዬ! ምነው ሳትደውዪ?»

«ስደውልልህ መቼ አንስተህ ታውቃለህ?» ተቀመጠች። «ደግሞ ጨመርክብኝ።»

«ዕቃ ተወደደ።»

«ዕቃ ለሁሉም ነው የተወደደው። የውጭዎቹ ይኸንኑ ቦርድ ካንተ በሲሶ አሳንሰው ሊሰጡኝ በር ላይ ቆመዋል። እንዳልገዛቸው ደንቡ እጄን አስሮኛል።»

«ደንብ የምታወጪውስ አንቺ አይደለሽ?» ብሎ ሳቀ። ቀልድ ነበር፤ ግን አጥንቷ ድረስ ተሰማት።

«ማሙሽ፣ ከኔ ኪስ አውጥተህ ወዳንተ ኪስ ብትከተው ለአባባ ምን ይጨምርላቸዋል? ድምሩ ያው ነው እኮ።»

«ለሳቸው ያው ነው። ለኔ ያው አይደለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ሠራተኞች የሚሰሙት ይመስል። «ሦስተኛ የወጣሁ ጊዜ ምን እንደሆነ ታስታውሻለሽ? ሁለት ወር ሙሉ ምሳ ላይ እንኳን ቀና ብለው አላዩኝም። ጨው ሲፈልጉ እንኳን ‹ያንን ጨው ስጪኝ› የሚሉት እማዬን ነው። አንቺ እንዲህ ሆነሽ አታውቂም።»

«አሁን እየሆንኩ ነው።»

«አንቺ ትችይዋለሽ።»

ተነስታ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ «የምችለውን አደርጋለሁ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አላት። ታገሰችው፤ ምንም አላደረገም።

እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ከዓመቱ መጀመሪያ አንስታ ስድስት ወር ደጅ ጠንታ አንድ ትልቅ ትእዛዝ አመጣች፤ ክሬን የሚሠራ ድርጅት አንድ ሺህ አራት መቶ ፓወር ሰፕላይ ፈለገ። ዓመቱ ሳይዘጋ ከደረሰ ከመጨረሻነት ያወጣታል፤ እንዲያውም ሁለተኛ ያደርጋታል። ለሠራተኛው ስትነግር ጠምጣሚዎቹ ማሽናቸውን አቁመው አጨበጨቡ። ፎርማኑ ግን አላጨበጨቡም። ሰው ሲበተን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ጥምጥሙን ለኛ ተይው፤ ቅዳሜም እሑድም ገብተን እናደርሰዋለን። እኔን የሚያሳስበኝ ቦርዱ ነው» አሏት።

«ማሙሽ ቀን ቆርጦ ፈርሞልኛል ጋሼ።»

«ይሁን» አሉ ፎርማኑ።

ሰማንያ አራቱም ሰው እንደ አንድ ሰው ሠራ። ትራንስፎርመሩ ከቀኑ ቀድሞ አለቀ። ሳጥኖቹ ቦርዳቸውን እየጠበቁ በየግድግዳው ሥር ተደረደሩ፤ መተላለፊያው ጠቦ ሰው በጎኑ መሄድ ጀመረ። ከማሙሽ ዘንድ አራት መቶ ቦርድ መጣ። ከዚያ ምንም። ስትደውል «ነገ» ይሏታል፤ ነገ ስትደውል «እየተጫነ ነው» ይሏታል። በሳምንቱ ፎርማኑ ራሳቸው ሄደው አዩና ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ።

«የኛን ቦርድ የሚሠራው የማምረቻ መስመር ለሌላ ሰው እየሠራ ነው። ከውጭ ለመጣ ደንበኛ። ለውጭ ሰው የተሸጠ በአፈጻጸም የሚያዝለት ነጥብ ይበልጣል አሉኝ።»

ቀሪው ሺህ ቦርድ የደረሰው ዓመቱ በተዘጋ በዘጠነኛው ቀን ነው።

በዓመታዊው ስብሰባ ውጤቱን ያነበቡት እንደ ልማዳቸው ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው። «አንደኛ፣ ቦርድ። ሁለተኛ፣ ሴንሰር። ሦስተኛ፣ ፓኔል። አራተኛ፣ ኃይል።» ከብርጭቆው ውሃ ተጎነጩና ገጹን ገልጠው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። ማሙሽ ጫማውን ያያል። ኢንጂነሯ ሁሉም ሰው ሊያያት እንደፈለገና ሊያያት እንዳልደፈረ ታወቃት። ጥርሷን ነክሳ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች፤ ሲጨበጨብም አጨበጨበች።

ገዢ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀም። በወሩ ከእነሱ የገዘፈ ሌላ ድርጅት አንድ ገምጋሚ ላከ፤ እርሳሱን ከጆሮው የማይለይ፣ በነገር የማይቸኩል ሰው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠምጣሚዎቹ አጠገብ ቆመ፣ ምድጃውን ለካ፣ መዝገብ አገላበጠ። በመጨረሻው ቀን ቢሮዋ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ካላስቀየምኩሽ። ይህን ቦርድ በዚህ ዋጋ የምትገዙት ለምንድን ነው?»

«ደንብ ነው። ከቤት ነው የምንገዛው።»

«እኔም እሱን ነው ያሰብኩት።» እርሳሱን አውርዶ በጣቱ አዟዟረው። «ቦርዱን ገበያ ላይ ባለው ዋጋ አድርጌ ሒሳባችሁን ሠራሁት። ከአራቱ ዘርፍ አንደኛ እናንተ ናችሁ። ሁለተኛው ቅርባችሁም አይደርስ። እኛ እናንተን ከገዛን በመጀመሪያው ቀን የምናደርገው ቦርዱን ከውጭ መግዛት ነው። ሊቀመንበሩ ይህ ሳይገባቸው ቀርቶ ነው?»

አባቷ የማይገባቸው ነገር እንደሌለ ታውቃለች። ሰውየው እስኪወጣ እንኳን አልጠበቀችም፤ ቦርሳዋን አንስታ ዋናው ቢሮ ሄደች።

አባቷ ብቻቸውን ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ የአንድ ፋብሪካ ፎቶግራፍ ተዘርግቷል፤ ሰፊ ግቢ፣ አዲስ ጣሪያ። ቀጥለው ሊገዙት ያሰቡት እንደሆነ ገባት።

«አባባ፣ የቦርዱን ነገር ያውቁ ነበር?»

«የቱን የቦርድ ነገር?»

«ዋጋውን። ማሙሽ የሚቆልልብኝን።»

ፎቶግራፉን ቀስ ብለው ወደ ጎን አደረጉት። «ማሙሽ በራሱ ራስ ዋጋ የሚጨምር ይመስልሻል? እያንዳንዱን ጭማሪ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ተቀመጪ ሳይሏት ተቀመጠች።

«ባንክ» አሉ አባቷ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ አስተማሪ፣ «አራት መካከለኛ ዘርፍ ላለው ሰው አያበድርም። አንድ የሚያብረቀርቅ፣ በየዓመቱ የሚመነደግ ዘርፍ ማየት ይፈልጋል። ቦርድ ይመነደጋል ሲባል ያምናል፤ ዘመኑ የቦርድ ነው። ትራንስፎርመር ይመነደጋል ብል ግን ይስቁብኛል። ስለዚህ ቦርድን እንዲያብረቀርቅ አደረግሁት። አሁን ኃይልን ሸጬ፣ ባንኩም ጨምሮልኝ ይህን እገዛለሁ።» ጣታቸውን ፎቶግራፉ ላይ አሳረፉ። «ከዘጠኙ ጠቅላላ ይበልጣል።»

«የክሬኖቹስ ትእዛዝ? ያ መስመር ለሌላ የተሰጠው?»

«እሱን ማሙሽ ነው ያደረገው። ስሰማ ግን አልከለከልኩትም።»

«እኔ እኮ ልጅዎ ነኝ።»

«ለዚህ ነው ለባዳ የማላደርገውን ያደረግሁልሽ። ውሉ ላይ ስምሽ አለ። ሦስት ዓመት ሳያባርሩ ያሠሩሻል፤ አለበለዚያ አልሸጥም ብያቸዋለሁ።»

አብራ ተቆጥራ ተሸጣለች፤ እንደ ምድጃው፣ እንደ ጠምጣሚ ማሽኖቹ። አባቷ ደግሞ ውለታ የዋሉላት ይመስል ምስጋናዋን እየጠበቁ ያይዋታል።

አንድ መንገድ ቀርቷታል። ያቺ የታችኛዋ ክፍል ስትመዘገብ ግማሹ በእናቷ ስም ነበር። ከዚያ ወዲህ የተገዛው ሁሉ የአባቷ ነው፤ የኃይል ዘርፍ ግን ያለ እናቷ ፊርማ አይሸጥም። በነጋታው ረፋድ ላይ፣ አባቷ ቤት እንደሌሉ አረጋግጣ ሄደች።

እናቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ቁልፍ የወለቀ ሸሚዝ ይሰፋሉ። ሸሚዙ የማሙሽ ነው። የሚሰፋለት ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ራሱ አምጥቶ ይሰጣቸዋል፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ከጠመጠሙ ዘመን ቢያልፍም የቀኝ ጠቋሚ ጣታቸው ላይ ሽቦው የቦረቦረው መስመር እስከ ዛሬ አልሞላም።

«ምነው በሥራ ሰዓት? አመመሽ እንዴ?»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ዋጋውን፣ ቦርዱን፣ ባንኩን፣ ፎቶግራፉን። እናቷ መርፌውን ሳያቆሙ አዳመጡ። ስትጨርስ «ሰምቻለሁ» አሉ።

«ከማን?»

«ከአባትሽ። ሳይነግረኝ የሚያደርገው ነገር የለም።»

«እንግዲያው አትፈርሚላቸው፣ እማዬ። አንቺ ካልፈረምሽ አይሸጥም። ያ ቤት ያንቺ የእጅ ሥራ ነው። ጣትሽን እዪው እስቲ!»

እናቷ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ሸሚዙን ጭናቸው ላይ አጠፉት። ኢንጂነሯ በልጅነቷ እንደለመደችው ጠበቀች።

«ባልፈርም ምን ይሆናል?» አሉ በኋላ። «አንቺ ቦርዱን ከውጭ ልግዛ ትያለሽ፤ ትክክል ነሽ፣ ትገዣለሽ። ያን ጊዜ የሱን ቦርድ ማን ይገዛል? ከሚሠራው እኩሌታውን የምትገዢው አንቺ ነሽ። ይወድቃል። ቀጥሎ የሚሸጠው እሱ ነው። ከፈረምኩ ግን አባትሽ የሚገዛው ትልቁ ፋብሪካ ይደግፈዋል።»

«እሱም እንደኔ ይቻለው።»

«አይችለውም!» እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አንቺ የትም ብትጣዪ ትበቅያለሽ። ሰው እግር ሥር ወድቀሽም ቢሆን ትነሻለሽ። እሱ አንዴ ከወደቀ አለቀለት። እኔ እናት ነኝ፤ የትኛው ልጄ ምን እንደሚችል አውቃለሁ።»

«ጠንካራ ነሽ፣ ጠንካራ ነሽ እያላችሁ እኮ ነው የጨረሳችሁኝ።» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «አንድ ቀን እንኳን ለኔ ብትሳሺልኝ ምን አለበት?»

እናቷ እጃቸውን ዘረጉላት። አልያዘችውም። ውሉ በዚያው ሳምንት ተፈረመ።

የርክክቡ ዕለት አዲሶቹ ባለቤቶች የበሩን ታፔላ ሲያወርዱ ጠምጣሚዎቹ በመስኮት ያዩ ነበር። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ፎርማኑ አዳራሹ መሀል ቆመው «ምን ሆናችሁ? ሽቦው ያው ነው፣ ዙሩ ያው ነው፤ የምትቆጥሩት አልተቀየረም» ብለው ተቆጡና ወደ ማሽናቸው መለሷቸው። ከዚያ ምድጃው ጀርባ ሄደው ለብዙ ደቂቃ ሳይመለሱ ቀሩ።

ገምጋሚው እንዳለው ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት ቦርዱ ከውጭ ተገዛ። በመጀመሪያው ዓመት ዘርፏ አዲሱ ድርጅት ካሉት አሥራ አንድ ዘርፎች ሦስተኛ ወጣ፤ ደብዳቤ ጻፉላት፣ ሌላ ትንሽ ፋብሪካም ጨመሩላት። እዚያ ማንም «የሊቀመንበሩ ልጅ» አይላትም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

በአባቷ ድርጅት ግን የማሙሽ ዘርፍ ትልቁ ደንበኛው በአንድ ቀን ጠፋበት። በመጀመሪያው ዓመት ከሦስቱ መጨረሻ ወጣ። ሁለተኛው ዓመትም መጨረሻ ወጣ። የኃይል ሰዎች ሁሉ ጆሯቸውን አቁመው ምን እንደሚሆን ጠበቁ። አንድ ቀን ፎርማኑ፣ ከድሮ ባልደረቦቻቸው ያገኙትን ወረቀት ይዘው ገቡና ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት። የሊቀመንበሩ ፊርማ ያለበት፣ አንድ መስመር ብቻ፦ የዘርፎችን ሽያጭ የሚመለከተው ሕግ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል።

«አጭር ነው» አሉ ፎርማኑ።

«አዎ» አለች። «ረጅም አይወዱም።»

ፎርማኑ ሊስቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፤ ወጡ። እሷ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችው። ስለ ራሷ አላሰበችም። ያ የባትሪ መሙያ ኃላፊ ነው የመጣባት፤ ፊቱን ልታስታውስ ሞክራ አቃታት።

ብዙም ሳይቆይ እናቷ ደወሉ። «ወንድምሽን እዪው። ሠራተኛ ሊቀንስ ነው። እንደ በፊቱ ካንቺ ዘንድ ትንሽ ትእዛዝ ቢያገኝ ይተነፍሳል።» በሁለት ዓመት ውስጥ ከደወሉላት ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነበር። ሄደች።

በማሙሽ አዳራሽ ከስድስቱ መስመር አራቱ ጸጥ ብለዋል፤ ላያቸው በላስቲክ ተሸፍኗል። እሱም ከስቷል። ሻይ አዘዘላት፣ እሱ ግን አልጠጣም።

«እትዬ፣ የበደልኩሽን አውቃለሁ።»

«እሱን ተወው።»

«አልተውም። ያኔ የክሬኖቹ ትእዛዝ ጊዜ፣ ቦርዱ ተሠርቶ አልቆ ነበር። መጋዘን ነበር። ዓመቱ እስኪዘጋ አላወጣሁትም።»

ይህን አታውቅም ነበር። መስመሩ ለሌላ ተሰጥቷል ብላ ነበር ያመነችው፤ ፎርማኑም ያዩት ያንን ነው። አንድ ሺህ ቦርድ በካርቶን ሆኖ፣ ሰማንያ አራት ሰው እሑድ እየገባ ሲጠብቀው፣ ከዚህ ክፍል ሃምሳ እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ነበር።

«ለምን አሁን ትነግረኛለህ?»

«ስለከበደኝ ነው።» ዓይኑን አሸ። «ታዝዢልኛለሽ?»

ሻይዋን አስቀመጠች። «በሚቀጥለው ወር ለዓመቱ የሚሆን ቦርድ እናጫርታለን። ሦስት ሻጭ ዋጋ ያስገባል። አንተም አስገባ።»

«እንደ ሌላው ሰው?»

«እንደ ሌላው ሰው።»

አስገባ። ከአራቱ ሦስተኛ ወጣ፤ ልዩነቱ ሰፊ አልነበረም። ልታጠጋጋው ትችል ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም፣ ገምጋሚውም ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ ያልፍላት ነበር። ወረቀቱን ሁለት ቀን መሳቢያዋ ውስጥ አቆየችው። በሦስተኛው ቀን አወጣችና ጨረታውን ለአንደኛው ሰጥታ ፈረመች። በወሩ መጨረሻ ማሙሽ መቶ አርባ ሰው አሰናበተ፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ያንን ነጭ ጋዋን ለብሰው ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሠሩ ነበሩ። ምንም አልበደሏትም።

የሚቀጥለው እሑድ ወላጆቿ ቤት ለምሳ ሄደች። መቅረት ፈልጋ ነበር፤ ከቀረች ግን ከዚያ በኋላ መሄድ እንደማትችል ታወቃት። ማሙሽ አልመጣም። እናቷ በሩን ከፈቱላት፣ ጉንጫቸውን ሰጧትና ወደ ማዕድ ቤት ገቡ። ሳህኗን አምጥተው ፊቷ ሲያስቀምጡ እንኳን አላዩዋትም።

አባቷ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩ። ያ ትልቁ ፋብሪካ አልተገዛም፤ ባንኩ የቦርዱን መውደቅ አይቶ እጁን ሰበሰበ። ስለ እሱ ማንም አላነሳም። ግማሽ ምሳ ላይ ሹካቸውን አስቀመጡና ጎንበስ አሉ።

«ቦርዱን በስንት ዘጋሽው?»

ነገረቻቸው።

«ማሙሽስ በስንት ነበር?»

እሱንም ነገረቻቸው።

አባቷ በሐሳባቸው አሰሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነሽ። እኔም ብሆን ለሱ አልሰጥም» አሉ። ዓመታት ሙሉ ያላዩዋትን ያህል ትኩር ብለው አዩዋት፣ ፈገግም አሉ። «አንቺን መሸጤ ነው ስህተቴ።»

ከማዕድ ቤት የዕቃ ድምፅ ቆመ። እናቷ እየሰሙ ነው። ኢንጂነሯ ለዚህች ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት እንደጠበቀች አሰበች፤ አሁን መጣችላት፣ ከተሸጠች በኋላ። ከሁሉም ያንገበገባት ግን ሌላ ነበር፦ ደስ ብሏታል። ልክ እንደ ልጅ፣ ቅጽበት ለምትሆን ያህል፣ ደስ ብሏታል።

ሳህኗን ገፋ አድርጋ ተነሳች። «ሥራ አለብኝ» አለች።

«እሑድ?»

«እሑድ።»

አባቷ «ጎበዝ» አሉና ምሳቸውን ቀጠሉ። እናቷን ልትሰናበት ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆመች። እናቷ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የታጠበውን ብርጭቆ በጨርቅ እየደጋገሙ ይወለውሉ ነበር። ትንሽ ጠበቀች። አልዞሩም። መኪናዋን አስነስታ ሄደች።